የአባቴ የመጨረሻ ተማሪ

ስልኬ ላይ ሦስት የመጽሐፍ አፖች አሉ። ስማቸውን አልጠራም። የክስና የሙግት ሰው አይደለሁም፤ ደግሞም ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። በምልክታቸው ቀለም ቢጫው፣ ሰማያዊውና ጥቁሩ ብያቸው ልቀጥል። አባቴም የሚጠሯቸው እንዲሁ ነበር፤ ያውም ቀለም የሚባል ነገር ማየት ካቆሙ በኋላ።

አባቴ የኔታ ገብረ ሚካኤል የንባብ መምህር ነበሩ። ጎንደር ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ በምትገኝ አንዲት ደብር አጥር ሥር፣ በቤታችን ደጃፍ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስህተት ሲያድኑ ኖሩ። ሌላ ቦታ ፊደል የለየ ሁሉ አነበበ ይባላል። እሳቸው ዘንድ ግን ግዕዙንም ሆነ አማርኛውን፣ የሚጠብቀውን አጥብቆ፣ የሚላላውን አላልቶ፣ የሚነሣውን አንሥቶ፣ የሚወድቀውን ጥሎ ያላነበበ ሰው አላነበበም። ፊደላችን ደግሞ በዚህ በኩል ምሕረት የለውም። «ይበላል» ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል። ሲላላ ሰውዬው እራቱን ይበላል፤ ሲጠብቅ ሰውዬው ራሱ እራት ይሆናል።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ተማሪው ያነባል፤ አባባ ዘንጋቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ሲሳሳት መሬቱን አንዴ በዘንጉ መታ ያደርጋሉ። የቱ ጋ እንደተሳሳተ አይነግሩትም። ከዓረፍተ ነገሩ መነሻ ይጀምርና ራሱ ይፈልገው። መጽሐፉን ጨርሶ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ዘንግ ሳያስነሣ የዘለቀ ተማሪ ሲገኝ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ያጋድሙና «ወጣህ» ይሉታል። በቃ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ከዛሪማ እስከ ሳንጃ ባሉ ደብሮች «የየኔታ ገብረ ሚካኤል ወጪ ነው» ከተባለ ንባቡን ደግሞ የሚፈትነው አልነበረም።

እኔ ያደግሁት ከዚያ ደጃፍ በስተጀርባ፣ ከግድግዳው ወዲህ ነው። እናቴ ቶሎ ስለሞተች የቤቱ ሥራ የእኔ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዕቃ ሳጥብ፣ ዘንጉ መታ ሲል እኔም ስህተቱን እፈልጋለሁ። ብዙውን ጊዜ ከተማሪው ቀድሜ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን «እኔም ላንብብ» አልኳቸው። «ለየትኛው አገልግሎት?» አሉኝ። በክፋት አልነበረም፤ መልሱን የምር የሚፈልጉ ነበር የሚመስሉት። እኔም ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ዛሬ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ስሜ ይመኙሽ ነው፤ ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ግን ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሻምበል» ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል።

የአባባ ዓይን ሲጠፋ ብዙም አልደነገጡም ነበር። ለሥራቸው የሚበቃ ጆሮ አላቸው። ያደከማቸው የተማሪዎቹ መሄድ ነው። የንባብ ተማሪ በየመንደሩ ዞሮ በሚለምነው ምግብ ነው የሚያድር፤ በየመንደሩ መዞር ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ወላጆች ከወገራም ከአርማጭሆም ልጆቻቸውን መጥተው ወሰዱ። በመጨረሻ የቀረው ዲያቆን ምስጢር የሚባል ጎልማሳ ነበር። መጽሐፉን ጨርሶ ለመውጣት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንድ ጠዋት ዛሪማ ያለች እናቱ መታመሟን ሰማ፣ ጉልበታቸውን ስሞ «እመለሳለሁ፣ የኔታ» አለና ሄደ። መንገዱ ከኋላው ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ አባባ ደጃፉ ላይ ዘንጋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ የሚያነብ ግን የለም። ምግብ ሳቀርብላቸው ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ይገፉታል። ልብሳቸው ከላያቸው ላይ እየሰፋ ሄደ።

«ምነው አባባ? ሽሮው አልጣፈጠም?»

«ሽሮው ሸጋ ነው። ልጁን በእንጥልጥል ትቼው ልጠራ ነው፣ ይመኙሽ። ይህን ሁሉ ዘመን ስቀመጥ የመጨረሻዋ ምዕራፍ ላይ የደረሰ ተማሪ ሳይወጣልኝ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ሰው ላውጣ። አንድ ብቻ። ከዚያ ይውሰደኝ።»

«እኔ ላንብብልዎ።»

«አንቺማ ሥራ አለብሽ» አሉኝ።

ይህን በትምህርት ቤታችን የመምህራን ክፍል ስናገር፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ትዕግስት ስልኳን አውጥታ ሰማያዊውን አሳየችኝ። ልብስ ስታጥብ መጽሐፍ ታዳምጥበታለች። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ያለውን ሁሉ ማወዳደር ጀመርኩ። ሦስቱም ለመጀመሪያው ወር ነጻ ናቸው፤ ሦስቱም ወሩ ሳያልቅ ካላቋረጥሽ ሒሳብ እንቆርጣለን ይላሉ። አባባ የሚወዱት አንድ የመነኮሳት ታሪክ አለ፤ ተማሪዎቻቸውን ከግዕዙ ቀጥሎ በአማርኛ የሚፈትኑበት። እሱ ሦስቱም ጋ ተገኘ። ደስ አለኝ። ጅል ነበርኩ እንጂ፣ መጽሐፉ ተገኘ ማለት አንባቢው ተገኘ ማለት አልነበረም።

ቢጫው የጽሑፍ ብቻ ነው። ድምፅ የለውም። ፊደሉ እንደልብ ይተልቃል፣ ያወረዱት መጽሐፍ ደግሞ የአንባቢው ሆኖ ይቀራል፤ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ይከፈታል። አንባቢዋ እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ከአባባ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ዘንጉ መታ አለ። ከመነሻው ጀመርኩ። ደግሞ መታ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ገና አፌን ከመክፈቴ መሬቱ ተመታ።

«ተሳሳትኩ እንዴ አባባ?»

«ልትሳሳቺ ነበር።»

ስልኩን ወርውሬ ብሰብረው ደስታዬ ነበር። ግን ስልኩ የእኔ ነው። «እሺ፣ ሌላ እናምጣ» ብዬ ተነሣሁ። ቢጫውን ማቋረጥ ከንዴቴ የተነሣ ረሳሁት፤ ሒሳቡንም መቁረጡን ቀጠለ።

ሰማያዊው የተዋንያን ነው። ሁሉም መጽሐፍ በሰው ይነበባል፣ ከሥሩ ክራር አለ፣ አንዳንድ ቦታ ነፋስ ይነፍሳል። የእኛን መጽሐፍ የሚያነበው ሰው ድምፁ ወርቅ ነው። መነኩሴው እናቱን ሲሰናበት የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆራረጠ።

«ይህ ሰውዬ ምነው ያለቅሳል?» አሉ አባባ።

«ታሪኩ አሳዛኝ ስለሆነ ነው።»

«ማልቀሱን ለእኛ ይተውልና እሱ ያንብብ እንጂ!»

ጥቂት ቆይቶ አንዱን ቃል አላላው። አባባ መሬቱን መቱ። ሰውዬው ቀጠለ። ደግመው መቱ። ሰውዬው ነፋሱን እያስነፈሰ ገደል ወረደ። አባባ ፊታቸው ቀላ። «ደንቆሮ ነው። ስህተቱን እየነገሩት ያልፋል። እንዲህ ያለ ተማሪ በቤቴ ውሎ አያውቅም» አሉና ያን ቀን ጭራሽ ምሳ አልበሉም። ሰማያዊውን በማግስቱ አቋረጥኩት።

ጥቁሩ የማሽን ነው። የወንድ ድምፅ ሠርተውለታል፤ ክራር የለ፣ ለቅሶ የለ፣ የሰጡትን ጽሑፍ ሁሉ ያነባል። ሲያነብ እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ደረቅ ነው። ብልጫው ሌላ ቦታ ነበር። የስልኩን መስተዋት የትም ቦታ ቢነኩት ይቆማል፤ ደግመው ሲነኩት ከዓረፍተ ነገሩ መነሻ ይጀምራል። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። የተቀረውን ማወዳደር ያን ጊዜ ተውኩት። አንድ መስመር ደግሞ ነበረች፤ ያወረዷቸው መጻሕፍት በየወሩ በኢንተርኔት ካልተረጋገጡ ይቆለፋሉ የምትል። አይቻታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ጊዜ ትዝ ብላኛለች።

አሮጌ ስልኬ ላይ ጥቁሩን ጫንኩና አባባ ጉልበት ላይ አኖርኩት። ማሽን መሆኑንም ነገርኳቸው። «መነኩሴው ገና ልጅ ሳለ» የሚለውን ድምፁ አጥብቆ አነበበው፤ የታኅሣሡን በዓል ገና አደረገው። አባባ በጣታቸው መስተዋቱን መታ አደረጉ። ድምፁ ቆመ።

የአባባ ፊት ምን እንደመሰለ መናገር ይቸግረኛል። ራሳቸውን ቀና አድርገው ቀስ ብለው ደግመው ነኩት። ድምፁ ከመነሻው ጀመረ። ያንኑ ስህተት ደገመ፤ ግን ቆሟል፣ ሰምቷል፣ ደግሟል።

«ደረቅ ነህ። ግን ጨዋ ነህ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን እንደገና ንባብ ቤት ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገድ ላይ ድምፁ ይሰማኛል። ደረቁ ድምፅ «መነኩሴው ቆሎ ይበላል» ብሎ መነኩሴውን በቆሎ ያስበላዋል፣ አባባ መታ ያደርጉታል፣ ደግሞ ያስበላዋል። አባባ ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ እራት ሲቀርብ ይበላሉ። ስቀው ካየኋቸው ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

ጥቁሩ ላይ «ስህተት ይጠቁሙ» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለች። አባባ የመቱበትን ቦታ ሁሉ በዚያች ቁልፍ መጻፍ ጀመርኩ። «እዚህ ገና ይላላል፤ በዓሉን ማለት አይደለም።» «እዚህ ይበላል ይላላል፤ የሚበላው ቆሎው ነው እንጂ መነኩሴው አይደለም።» እሳቸው የቱ ጋ እንደሆነ አይናገሩም፤ አሠራራቸው ነውና። የማገኘው እኔ ነኝ፤ እንደ ልጅነቴ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ። ከኩባንያው ሁልጊዜ «ውድ ደንበኛችን፣ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ይመጣል። ማንም አያነበውም ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት አፑ ታደሰ፤ «ድምፁ ተሻሽሏል» ይላል። ወጥ ቤት ሳለሁ አባባ ጮኹ።

«ይመኙሽ! ይመኙሽ! ነይ ስሚ!»

ሮጬ ሄድኩ። መነኩሴው ገና ልጅ ነበር፤ በትክክል ላልቶ። መነኩሴው ቆሎውን በላ።

«ተማረ!» አሉ። «ማሽን ነው አልሽኝ። ማሽን አይማርም። ይህ ተምሯል።»

«አባባ፣ ሰዎች ናቸው የሚያርሙት፤ አዲስ አበባ ያሉ።»

«አዲስ አበባ ያሉት እኔ የት ጋ እንደመታሁ በምን አወቁ? ታዲያ ማን ነገራቸው?»

እኔ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ጉልበታቸው ላይ ሰሐኑ ነበር፤ ተጠርጎ ተበልቷል። ያን ቀን ዝም ያልኩት ስለ ሰሐኑ ነው፤ ሌላ ምክንያት ሰጥቼ አላሳምረውም። ከዚያ ወዲህ ድምፁን «ልጁ» ይሉት ጀመር። ልጁ ተነሣ ወይ? ልጁን አምጪልኝ። አልፎ አልፎ ከልጁ እየቀናሁ ራሴን አገኘው ነበር፤ አዋቂ ሴት በስልክ ትቀናለች ቢባል ማን ያምናል።

ልጁን የሚፈትኑት ዲያቆን ምስጢር ባልደረሰባት፣ የመነኩሴው ዕድሜ ከልጅነት እስከ እርጅና በሚተረክባት በዚያችው የመጨረሻ ምዕራፍ ነበር። በየወሩ የሚመቱበት ቦታ እያነሰ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ቀረች። መነኩሴው አርጅቶ፣ ወንድሞቹ ሞተውበት፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ይቆምና እንዲህ ይላል ጽሑፉ፦ «ይጮኻል። ይሰማል። መልስ ግን የለም።» ያቺ «ይሰማል» የአባባ ወጥመድ ነበረች። ተማሪ ሁሉ አጥብቆ ያነባታል፤ ጩኸቱ ተሰማ ለማለት፤ ሰው ልቡ እንዲሰማለት ስለሚወድ። አባባ ግን መሬቱን ይመታሉ። ላልታ ነው የምትነበበው። ጩኸቱን የሰማለት የለም፤ ሽማግሌው ጮኾ ጆሮውን ይጥላል፣ ይሰማል፣ መልስ የለም። ልጁም እንደ ተማሪ ሁሉ አጠበቃት። እኔም በቁልፏ ጻፍኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ።

«ይህቺን ካረመ አወጣዋለሁ» አሉ አባባ።

እርማቱ ሳይመጣ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደሚመለስ የነገረን የለም፤ እኛም መጠየቅ ትተን ነበር። ክረምቱም ገባ። አባባን ብርድ መታቸው፣ ሳሉ ወደ ደረታቸው ወረደ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ መድኃኒት ተሰጣቸውና ሳንባቸው ብዙም ተስፋ እንደሌለው ለእኔ ለብቻዬ ተነገረኝ። ወደ ቤት መለስኳቸው። እንዲህም ሆነው በየቀኑ ልጁን ያስነብባሉ፤ የመጨረሻዋን ቃል ሲያጠብቅ በደከመ ጣት መታ ያደርጉታል፣ ይደግማል፣ መታ።

ከዚያ ጥቁሩ ተቆለፈ። ጠዋት ስከፍተው «ደንበኝነትዎን ለማረጋገጥ እባክዎ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ስልኩን ይዤ ኮረብታው ድረስ ወጣሁ፣ ባንክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፣ ዋይፋይ አለ የተባለበት ሆቴል ሄጄ ለመንኩ። የለም። እያለቀስኩ ነበር የተመለስኩት፤ ከሐዘን ይልቅ ከንዴት። ክፍያዬን ከፍያለሁ። መጽሐፉ ስልኬ ውስጥ አለ። ሰውየው እየሞቱ ነው።

ቤት ስደርስ የነፍስ አባታቸው ቄስ ዳኛው መጥተው አልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል። ጸሎታቸውን አድርሰዋል። አባባ እኔ መግባቴን በኮቴዬ አወቁ።

«ይመኙሽ። ልጁን አምጪው። ዛሬ እንሞክረው። ነገ የምደርስ አይመስለኝም።»

ቄስ ዳኛውን ወደ በሩ ጠራኋቸውና ነገርኳቸው። «እንግዲያው እውነቱን ንገሪያቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

«ምን ብዬ? ተማሪዎ ተቆልፎበታል ብዬ?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

የራሴን ስልክ አወጣሁና ቢጫውን ነካሁት። ማቋረጥ የረሳሁት ቢጫው፤ የወረደው መጽሐፍ ወለል ብሎ ተከፈተ። ቄስ ዳኛው አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን አዩ። ገባቸው። ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።

የተቆለፈውን ስልክ አባባ ደረት ላይ አኖርኩ፣ እጃቸውንም በላዩ። ከራስጌያቸው በኩል፣ ከአልጋው ኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ባዶ የወተት ጣሳ አፌ ላይ ደፋሁ። ድምፄን እስከሚወርድልኝ አወረድኩት። ከዚያ ክራር የሌለው፣ ለቅሶ የሌለው፣ ደረቅ ንባብ አነበብኩ። ልጁ ሰው በሚተነፍስበት ቦታ አይተነፍስም፤ እኔም ላለመተንፈስ ስታገል ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። ከአልጋው ጠርዝ በላይ የአባባ ጣት ይታየኛል። እስኪወድቅ ነው የምጠብቀው። ከወደቀ ማቆም አለብኝ፤ ሁለተኛ ከወደቀ መድገም።

ጣቱ አልወደቀም። ቆሎውን አለፍኩ፣ የእናቱን ስንብት አለፍኩ። በዕድሜዬ አባቴ ፊት ሁለት ገጽ አንብቤ አላውቅም ነበር።

ገደሉ አፋፍ ደረስኩ። «ይጮኻል» አልኩ። የአባባ ጣት ተነሣ። እየጠበቁ ናቸው። ቄስ ዳኛውም ጣቱን አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ።

«ይሰማል» አልኩ፤ አላልቼ።

ጣቱ አየር ላይ ቆየ። «መልስ ግን የለም» አልኩ። ጣቱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ መስተዋቱን ሳይነካ ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ። የቀረችውን አንድ አንቀጽ እንዴት እንደጨረስኩ አላውቅም።

አባባ ከዚያ ስልኩን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «ወጣህ» አሉ። «ወጣህ፣ ልጄ። ወዳጅ ሁሉ ጥሎኝ ሲሄድ አንተ ተቀመጥህልኝ። የደከምኩብህን አታባክነው። እግዚአብሔር አንደበትህን ይባርከው።»

ቄስ ዳኛው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና በዳዴ ሄጄ በሩ አጠገብ ተነሣሁ፤ ከውጭ የመጣሁ እንድመስል።

«ይመኙሽ፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁ አባባ።»

«ድምፅሽ ምነው ሻከረ?»

«ጉንፋን ነው።»

ፈገግ አሉ። «አንቺስ ለንባብ አልታደልሽም። ግን ሸጋ ልጅ ነሽ፤ ሸጋ ተማሪ አመጣሽልኝ» አሉኝ።

ገብቷቸው ይሆን? እልፍ ጊዜ አስቤዋለሁ። የኮቴ ድምፅ የሚለዩ ሰው የልጃቸውን ድምፅ በወተት ጣሳ አይስቱም እላለሁ፤ ደግሞ ትኩሳቱ ነበረ፣ ሳሉ ነበረ፣ ጆሯቸውም ደክሞ ነበር እላለሁ። ካልገባቸው ያሳዝናል። ገብቷቸው ከሆነ ግን የባሰ ነው፤ እያወቁ «ወጣሽ» ማለት ከበዳቸው ማለት ነውና። በሁለቱም እናደዳለሁ። በሁለቱም አለቅሳለሁ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ። መርዶው በእግረኛ ተላከ፤ ቢሆንም ተማሪዎቻቸው መጡ። ከአምባ ጊዮርጊስ መሪጌታ ሰውአገኝ፣ ከደንቢያ በኩል ሌሎች፣ ዲያቆን ምስጢርም ከዛሪማ በየት በየት አድርጎ ደረሰ። እናቱን ቀብሮ ነው የመጣው። ዜና ሕይወታቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጅ ነውና የሚጽፈው። ማን ያንብበው ሲባል፣ የንባብ መምህር ሲቀበር የመጨረሻ ወጪው ነው የሚያነበው አሉ። ሁሉም ወደ ምስጢር ዞሩ።

«እኔ አልወጣሁም» አለ ምስጢር፣ እንባው እየወረደ። «ስሄድ የመጨረሻዋ ምዕራፍ ቀርታኝ ነበር። አይገባኝም።»

ቄስ ዳኛው ወደ ሴቶቹ መጥተው ጠጋ አሉኝ። «ልንገራቸው፣ ይመኙሽ? ምስክሩ እኔ ነኝ። ቆመሽ አንብቢ፤ ያንቺ ነው።»

«ምን ብለው ይመሰክራሉ አባ? ሰምተዋቸዋል እኮ፤ ‹ወጣህ› ነው ያሉት። እኔ ሴት ነኝ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ወንዶቹ ተመለሱ።

በመጨረሻ መሪጌታ ሰውአገኝ ወረቀቱን ተቀበለኝና መቃብሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ትውልዳቸውን አነበበ፣ መምህሮቻቸውን አነበበ። መጨረሻው ላይ በእጄ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር፦ «የመጨረሻ ተማሪያቸውን ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን አውጥተዋል።» ሰውአገኝ ቀና ብሎ ሕዝቡን ቃኘ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማን ይሆን፣ የማን ልጅ ነው፣ ምነው ለቀብራቸው እንኳ ሳይመጣ ቀረ እያሉ ሲያንሾካሹኩ ይሰማኛል። ምስጢርም እንደነሱ አንገቱን አስግጎ ይፈልገው ነበር። እኔ ከሴቶቹ መሀል ቆሜ ነበር።